የአርሲ አሮጌ ኮምባይነሮችና እያጠረ የሄደው ክረምታቸው

የአርሲ ስንዴ በአንድ ጊዜ አይደርስም። የዶዶታ ቆላ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሲነጣ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው በቆጂ ዙሪያዋ ገና አረንጓዴ ነው፤ እዚያ አጨዳው ታኅሣሥን፣ አንዳንዴም ጥርን ይጠብቃል። ኮምባይነር የሚኖረው በዚህ የጊዜ ልዩነት ነው። ከቆላው ማሳ ይጀምርና አዝመራውን እየተከተለ ወደ ደጋው ይወጣል፣ ከዚያም የባሌን ሜዳ ያዳርሳል። ማሽን ያለው ገበሬ ጥቂት ነው፤ ሌላው በኩንታል ሒሳብ ተከራይቶ ያሳጭዳል፤ ተራውንም ብዙ ጊዜ የሚይዝለት ደላላ ነው። ማሽኖቹ ከመንግሥት እርሻ የተረፉ፣ በሰው አገር ጉልበታቸውን ጨርሰው የመጡ፣ ቀለማቸው ሦስት ጊዜ የተቀባ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ እርጅናቸው እንደ ነውር ይወራል፣ መፍትሔውም አዲስ መግዛት ብቻ እንደሆነ ይነገራል። እኔ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። ኮምባይነር በአግባቡ ከተያዘ ብዙ አሥርት ዓመታት ይሠራል። ዛሬ የአርሲን ማሽኖች እየጎዳ ያለው በሁለት አዝመራ መካከል የነበራቸው የጥገና ጊዜ እየተሸረሸረ መምጣቱ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ማሽኑን ከውስጥ ማወቅ ይጠይቃል። ኮምባይነር የማጭድን፣ የአውድማንና የመንሽን ሥራ እየሄደ ይሠራል። ከፊት ያለው ማጨጃ እንደ መቀስ በሚመላለሱ ጥርሶች ይቆርጣል፤ የተቆረጠው በካቴና እየተጎተተ ወደ መውቂያው ከበሮ ይገባል። ከበሮው ለስንዴ በደቂቃ አንድ ሺህ ጊዜ ገደማ እየዞረ ዛላውን ከሥሩ ካለው ክፍት ክፍት ብረት ጋር ያሸዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ገለባው እየተራገፈ ከኋላ ይወድቃል፣ ፍሬው በወንፊትና በነፋስ ተጠርቶ ወደ ማጠራቀሚያው ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሞተር ነው፤ ኃይሉም በቺንጋ፣ በካቴናና በብዙ ኩሺኔታዎች ይከፋፈላል። አንዱ ቺንጋ ቢላላ ነፋሱ ይደክማል፣ ነፋሱ ሲደክም ገለባ ከፍሬ ጋር ይገባል፣ ኦፕሬተሩ ያንን ለማስተካከል ወንፊቱን ሲያጠብ ደግሞ ፍሬ ከገለባ ጋር ይወጣል። የደጋው አየርም የራሱ ጣጣ አለው። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ 2,400 ሜትር አካባቢ በምትገኘው አሰላ ሲደርስ የፋብሪካው ወረቀት ከሚለው ጉልበት ሩብ የሚጠጋው የለም። ስለዚህ በአውሮፓ ሜዳ ገና ብዙ ዓመት ሊሠራ የሚችል ፒስቶን እዚህ ቶሎ ይደክማል። ድንጋዩና ተዳፋቱ ሲጨመር፣ በአርሲ አንድ የሥራ ወቅት ሌላ ቦታ ካለው አንድ የሥራ ወቅት ጋር እኩል አይቆጠርም።

ማሽኑ አርሲ ላይ የገባበት መንገድም ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ማለትም ካዱ፣ አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ በምርጥ ዘር፣ በማዳበሪያና በብድር ማገዝ ነበር። የስንዴው ትርፍ ሲታይ ግን ባለርስቶች ትራክተርና ኮምባይነር እያስገቡ መሬታቸውን ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፣ ጭሰኞችም ከይዞታቸው ተነቀሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ምዕራፍ ዘጋው፤ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ከነማሽናቸው ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። ከደርግ ውድቀት በኋላ ደግሞ ኮምባይነር እንደገና የግል ንብረት ሆነ፤ ዛሬ የምናየው የኪራይ ንግድ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። በእነዚህ ሁሉ ለውጦች ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ተቀያይሯል። ያልተቋረጠው የመካኒኩ፣ የበያጁና የቶርኖ ሠራተኛው ሙያ ነው፤ ይህንንም ከካዱ ውርስ ሁሉ ትልቁ አድርጌ ብቆጥረው የሚከራከረኝ ይኖራል።

ጥገናው ሁለት ዓይነት ነው፣ ሁለቱንም በአንድ ቃል መጥራት ብዙ ስህተት ያስከትላል። አንደኛው በዝናቡ ወራት ማሽኑ ቆሞ የሚሠራው ነው። ማጨጃው ይወርዳል፣ የሽፋን ቆርቆሮዎች ይፈታሉ፣ በየጥጉ የተደበቀው ገለባ ይጠረጋል፣ ኩሺኔታዎች በእጅ እየዞሩ ይደመጣሉ፣ የተበላው ዘንግ በብየዳ ተሞልቶ ቶርኖ ላይ ይመለሳል። የመውቂያ ብረቶቹ ቅያሬ ለዚህ ሥራ ጥሩ ማስረጃ ነው። በከበሮው ላይ ያሉት ብረቶች ሲያልቁ አንዱን ብቻ መቀየር አይቻልም፤ ትይዩው አብሮ ይቀየራል፣ ሁለቱም በክብደት እኩል መሆን አለባቸው። አለዚያ በደቂቃ ሺህ ጊዜ የሚዞረው ከበሮ ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሺኔታውን ይበላል፣ ዘንጉን ያጎብጣል። መመዘን፣ መግጠም፣ ማዞር፣ እንደገና መፍታት፤ ይህ የጥድፊያ ሥራ አይደለም። ሁለተኛው ማሳ ላይ የሚደረገው ነው። ስንዴው ደርቋል፣ ደመና እየዞረ ነው፣ ቀጣዩ ገበሬ ተራውን ይጠብቃል። ጤዛው እስኪነሳ በጠዋት መሥራት ስለማይቻል የቀኑ የሥራ ሰዓት በራሱ አጭር ነው። በዚህ ሰዓት ቺንጋ ቢበጠስ የሚፈለገው ማሽኑ እስከ ማታ የሚንቀሳቀስበት ዘዴ ነው። ትርፍ ቺንጋ፣ ጥቂት የመቁረጫ ጥርስ ከነብሎኑ፣ ኩሺኔታና ግሪስ ይዞ የሚዞር ኦፕሬተር በሁለት ሰዓት ውስጥ ይነሳል፤ ባዶ እጁን የወጣው አሰላ ወይም አዳማ ሰው ልኮ ቀኑን ያጣል። የማሳው መካኒክ ብልሃት የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ያ ብልሃት የዝናቡን ወራት ሥራ ይተካል ብሎ ማሰብ ነው ማሽን የሚያጠፋው። ለዛሬ ተብሎ የተበየደው ነገር ክረምት ላይ ካልተፈታ ለከርሞ ሌላ ነገር ይሰብራል።

ከዚህ በኋላ ወደ ቀን መቁጠሪያው እንመለስ። አርሲን ብቻ የሚያጭድ ማሽን ጥር ላይ ከቆመ እስከ ጥቅምት ድረስ ረጅም ዕረፍት ነበረው። ባሌ ግን ሁለት አዝመራ አላት፤ የበልጉ ሰብል ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይታጨዳል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የበጋ መስኖ ስንዴ በአፋርና በሌሎች ቆላማ አካባቢዎች ሲስፋፋ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አዲስ የሥራ ወቅት ተፈጥሯል። ለባለንብረቱ ይህ መልካም ዜና ነው፤ በዓመት ሦስት ወር ብቻ ይሠራ የነበረ ንብረት ሰባትና ስምንት ወር ገንዘብ ያመጣል። ሁሉንም ጥሪ የተቀበለ ማሽን ግን የሚተርፈው የካቲት፣ ሰኔና መስከረም ነው፤ እነሱም ተቆራርጠው፣ ከፊላቸውም በመንገድ የሚያልቁ። የክረምቱ ጥገና ቦታ ሲያጣ ወደ ማሳው ይገፋል። የመንገደኞች መርከብ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከውኃ ወጥቶ ሆዱ እንዲመረመር ዓለም አቀፍ ሕግ ያስገድዳል፤ ባለቤቱ የቱንም ያህል መንገደኛ ቢኖረው ያንን ቀን መሸጥ አይችልም። ኮምባይነርን በግድ የሚያቆመው ዝናቡ ብቻ ነበር፤ አሁን ዝናብ የሌለበት ቦታ ሁልጊዜ ይገኛል።

ለዚህ ክርክር የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ የገበሬው ነው፦ አሮጌ ማሽን እህሌን ይበትናል። ቅሬታው እውነት ነው፣ ምክንያቱ ግን ከዕድሜ ይልቅ ከአያያዝ ይመጣል። በኩንታል የሚከፈለው ኦፕሬተር ሲፈጥን ወንፊቱ ላይ የሚጫነው ገለባ ይበዛል፣ ፍሬው ሳይለይ ይወጣል፤ ይህ በአዲሱም በአሮጌውም ይሆናል። ተዳፋት ላይ እህሉ ወደ አንድ ጎን ይከማቻል፤ ይህም የዕድሜ ጉዳይ አይደለም። ያለቀ የመውቂያ ብረት ግን በእርግጥ ዛላውን አይፈለፍልም፤ ኦፕሬተሩም ያንን ለማካካስ ከበሮውን ሲያፈጥን ፍሬ ይሰነጥቃል። ለዳቦ ስንዴ ይህ የዋጋ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለቢራ ገብስ ግን የሞት ጉዳይ ነው፤ ብቅል የሚሆነው የሚበቅል ፍሬ ብቻ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ባለበት አገር ይህን የማያውቅ ኦፕሬተር ሊኖር አይገባም። ሌላም ተቃውሞ አለ፣ እሱን ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ። ከወረዳ ወረዳ የሚዞር ማሽን ሳይጠረግ ከሄደ ስናርን ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይዘራል፤ ሞተሩ አጠገብ የተጠራቀመ ደረቅ ገለባም እሳት ያስነሳል። ለግሪስ ተብሎ የተፈታ የቺንጋ መከለያ ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ የረዳት እጅ ይወስዳል። ሦስቱም ገንዘብ አይፈልጉም፣ ጊዜ ብቻ ይፈልጋሉ፤ የጎደለውም እሱ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከቢሮ የሚመጣ ነው፦ አዲስ ይገዛ። አዲስ ማሽን መጥፎ ነው የሚል የለም፤ የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ መፈቀዱም ተገቢ ነበር። ነገር ግን አዲሱ ማሽን የሚሰማራው በዚያው ድንጋያማ ተዳፋት፣ በዚያው የአየር እጥረት፣ በዚያው በተጨናነቀ የቀን መቁጠሪያ ነው። በሴንሰርና በኮምፒውተር የሚሠራው ሲቆም ደግሞ በቶርኖና በብየዳ አይነሳም፤ መሣሪያውን ይዞ የሚመጣ የወኪል ባለሙያ ይጠብቃል። ለመለዋወጫ የውጭ ምንዛሬ በሰዓቱ ካልተገኘ አዲሱ በሁለተኛው ዓመት ይቆማል፣ ከዚያም ለጎረቤቱ ኩሺኔታ እየተፈታ ያልቃል። አሮጌው በበኩሉ ማንኛውም የአሰላ ጋራዥ ሆዱን የሚያውቀው ነው። ስለዚህ የምርጫው ጥያቄ የማሽኑ ዓመት ሳይሆን ከጀርባው ያለው ሰው፣ ዕቃና ወር ነው። ቁሉምሳ ላይ በጀርመንና በኢትዮጵያ ትብብር የተቋቋመው የእርሻ ማሽን ማሠልጠኛ በዚህ ረገድ ትክክለኛውን ቦታ ይዟል። እንዲህ ያለው ሥልጠና ከማሽከርከር አልፎ ወደ ክረምቱ ጋራዥ መግባት አለበት እላለሁ። የማሽን ብድር የሚሰጡ ባንኮችም የመለዋወጫንና የዓመታዊ ጥገናን ወጪ በብድሩ ውስጥ ቢያካትቱ ዕዳው የሚከፈልበት ማሽን ይቆይላቸዋል።

የሚያከራዩ ባለንብረቶች ከሦስቱ ወቅቶች አንዱን ቢተዉ ይሻላቸዋል፤ የትኛውን እንደሚተዉ ሒሳባቸው ይንገራቸው። የምትከራዩ ገበሬዎችና ማኅበራት ደግሞ የማሽኑን ዕድሜ መጠየቁን ትታችሁ ከኋላው ያለውን መሬት ቁጠሩ። አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ 40 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ መቶ ፍሬ ወድቆ ከተገኘ በሄክታር 40 ኪሎ ፈሷል ማለት ነው። በመጀመሪያ ገና ባልታጨደው ውስጥ በራሱ የረገፈውን ቁጠሩና ቀንሱ፤ ከዚያ ማሽኑ ጥቂት ሜትር እንደሄደ አስቁሙትና ገለባው የወደቀበትን ብቻ ሳይሆን ማጨጃው ያለፈበትን ወርድ ሁሉ በሦስት ቦታ ቁጠሩ። ቁጥሩ ከበዛ ኦፕሬተሩ ፍጥነቱን እንዲቀንስ፣ ከበሮውንና ወንፊቱን እንዲያስተካክል ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ማቅረብ እንደምትችሉ በውሉ ላይ አስቀድማችሁ አስጽፉ።