«ቁጥር በቁጥር ላይ» የተመታ ብር፤ ምስክሩ ማን ነው?



ከዕረፍት መልስ አንድ የዱራሜ ልጅ የሆነ እጩ መምህር ከአያቱ የተረከበውን የምኒልክ ብር በመሐረብ ቋጥሮ መጣ። «መምህር፣ ይህ ብር ሁለት ዓመተ ምሕረት አለው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ ተመትቷል አሉኝ። አሜሪካ ልኮ ያስመሰከረ ሰው ቤት ይሠራበታል ይላሉ። እውነት ነው?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። በሆሳዕናም ሆነ በዶዮገና ጠገራ ብር በሳጥን ያኖሩ እናቶች አሉና። እንግዲህ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ጉዳዩን ከመነሻው ለመግለጽ እንሞክራለን።

ሳንቲም የሚመታው በብረት ማኅተም ነው። በማኅተሙ ላይ ጎድጉዶ የተቀረጸው በሳንቲሙ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። በድሮ ጊዜ ዓመቱ ሲለወጥ ማኅተሙ ገና ካላረጀ፣ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል በአሮጌው ቁጥር ላይ አዲሱ ይቀረጽበት ነበር። የቀድሞው ቁጥር ጨርሶ ካልጠፋ ቅሪቱ በአዲሱ ሥር ይታያል። በስሕተት የሆነበት ጊዜም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1941 መጨረሻ የሁለት ዓመት ማኅተሞች ባንድ ወቅት ይዘጋጁ ነበር። አንዳንዱ ማኅተም በመጀመሪያ የ1941፣ ቀጥሎ የ1942 ቁጥር ተጫነበት። ከዚያ የወጡት የ10 ሳንቲም ገንዘቦች እስከ ዛሬ ድረስ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋሉ።

ታዲያ መስካሪው ማን ነው? በዓለም የታወቁት የሳንቲም ደረጃ አውጪ ድርጅቶች ሁለት ናቸው። እነሱም እ.ኤ.አ. በ1986 ሥራ የጀመረው ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. እና በ1987 የተቋቋመው ኤን.ጂ.ሲ. ናቸው። ሳንቲሙን መርምረው ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ይሰጡትና በፕላስቲክ መያዣ ያሽጉታል። ነገር ግን የሚያዩት ደረጃውን እንጂ እያንዳንዱን ጥቃቅን ልዩነት አይደለም። ልዩነቱ እንዲጻፍለት የፈለገ ባለቤት ብዙውን ጊዜ ለይቶ መጠየቅና ተጨማሪ መክፈል አለበት። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሁለት ነገር ይፈለጋል፤ የቀድሞው ቁጥር ቅሪት በግልጽ መታየት፣ ልዩነቱም በታወቀ መጽሐፍ ወይም ካታሎግ መመዝገብ። የባለቤቱ ቃል ማስረጃ አይሆንም።

በካታሎግ የገቡ ልዩነቶች በእኛም ገንዘብ አሉ። በምኒልክ ብሮች ላይ አንበሳው ግራ እግሩን ያነሣበትና ቀኝ እግሩን ያነሣበት ዓይነት ይገኛል። ለየብቻም ተመዝግበዋል። 1936 የሚል ቁጥር ያለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 25 ሳንቲምም አንዱ ክብ፣ ሌላው ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። ክቡ ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር በመጠን እየተመሳሰለ ስላስቸገረ ነው ጠርዙ የተለወጠው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በሳንቲም ላይ ያለው ዓመት ሁልጊዜ የተመታበት ዓመት አይደለም። 1936 የሚሉት ሳንቲሞች ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያንኑ ቁጥር እንደያዙ ተመትተዋል። ማርትሬዛ ብርማ የባሰ ነው! እቴጌይቱ በሞቱበት በ1780 እ.ኤ.አ. ላይ ቆሞ ቀርቶ፣ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ጭምር በዚያው ቁጥር ተመትቷል። ዓመቱ ካልተለወጠ ደግሞ ማኅተሙን የሚያርምበት ምክንያት የለም። ስለዚህ በእነዚህ ላይ «ዓመት በዓመት ላይ» እየተባለ ሲወራ ከመጀመሪያው መጠርጠር ነው።

ልብ በሉ፤ አባቶቻችን አሜሪካ ሳይልኩ ራሳቸው መርማሪዎች ነበሩ። ነጋዴው ማርትሬዛ ሲቀበል የእቴጌይቱን ጌጥ እንቁዎች ይቆጥራል፣ ከምስሉ ሥር ያሉትን «ኤስ.ኤፍ.» የሚሉ ፊደላት ይፈልጋል። ያ ካልታየው «ውሰድልኝ!» ብሎ ይመልሳል። ፊደሉን ማንበብ ባይችል እንኳ መልኩን ያውቀዋል።

ወደ ልጁ ብር እንመለስ። ዓመቱ ፲፰፻፹፱ ነው፤ ማለትም 1889 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል ቀጥሎ ያለው ዓመት። ከ1889 በፊት 1887 የሚል ብር ስለ ወጣ «በ፱ ሥር ፯ አለ» ብለውት ኖሯል። ከሳይንስ ክፍል አጉሊ መነጽር ተውሰን፣ ብሩን በመስኮት ብርሃን እያዘነበልን አየነው። ያ ምልክት ወደ ውስጥ የሰረጎደ ነበር። እውነተኛ የቁጥር ቅሪት ግን ከማኅተሙ ጉድጓድ ስለሚወጣ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። ስለዚህ ምልክቱ ጭረት ነው፣ የ፯ ቅሪት አይደለም። ልጁ ትንሽ ከፋው። እኛም ከፋን። ግን ብሩ ብር መሆኑ አልቀረም፣ የአያቱም አደራ መሆኑ አልቀረም።

ጭረቱ ከየት መጣ? ጠይቀነው ነበር። ለካ ለበዓል እንዲያበራ ተብሎ በአመድና በሎሚ ይፈተግ ኖሯል። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ደረጃ አውጪዎቹ የተፈተገ ሳንቲም ሲያገኙ ጉዳቱን ጽፈው ይሰጣሉ እንጂ ንጹሕ የደረጃ ቁጥር አይሰጡትም። ስለዚህ ጠገራ ብር ያላችሁ አትፈትጉት፤ ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ በደረቅ ወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።

ወደ ውጭ መላክን በሚመለከትም ጥንቃቄ ያሻል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ጥንታዊ ገንዘብም ከቅርስ ይቆጠራል። «እኔ ልላክላችሁ፣ ስጡኝ» ለሚል መንገደኛ አሳልፎ መስጠት እንግዲህ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው፤ ብሩም ይሄዳል፣ ሕጉም ይጣሳል።

ከዚህ ጥቂት ወራት በኋላ ብዙዎቻችን በየገጠሩ ትምህርት ቤት ጠመኔ እንይዛለን። አንድ ተማሪ አሮጌ ሳንቲም ይዞ ሲመጣ «ይህማ ሀብት ነው» ወይም «ይህማ ከንቱ ነው» ብለን አንመልሰው። ቁጥሩን ራሱ ያንብብ፣ ከፍታውንና ጉድጓዱን ራሱ ይለይ። ግዕዝ ቁጥር፣ ታሪክና ሳይንስ ባንድ ብር ላይ ተገናኝተው ሌላ ምን የማስተማሪያ መሣሪያ ይፈለጋል? ልጁም ብሩን በመሐረቡ መልሶ ቋጥሮ ለአያቱ ሊመልስ ወስኗል፤ «አመዱንና ሎሚውን ተዪው እላታለሁ» ብሎናል።