የቀበቶ ፈተና የሚፈትነው ማንን ነው?

ቅዳሜ ወይም እሁድ ማለዳ በአዲስ አበባ ወደሚገኙ የወጣት ማዕከላትና የትምህርት ቤት አዳራሾች ብቅ ያለ ሰው፣ ነጭ ልብስ ለብሰው በሰልፍ የቆሙ ሕፃናትን ማየቱ አይቀርም። የቀበቶ ፈተና በሚሰጥበት ቀን ደግሞ ወላጆችም ሞባይላቸውን ለፎቶ አዘጋጅተው በግድግዳው ጥግ ይደረደራሉ። ቴኳንዶ አሰልጣኝ እንደመሆኔ በዚያ ቀን ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «ማስተር፣ ልጄ ያልፋል?» የሚል ነው። ለመሆኑ አሰልጣኙስ ምን ይሰማዋል?

በቅድሚያ ስለ ቀበቶው ጥቂት ልበል። ብዙዎች እንደሚያስቡት የቀበቶ ማዕረግ የሺህ ዓመት ታሪክ የለውም። የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ላይ ኮዶካንን ከከፈቱ በኋላ፣ በ1883 ለሁለት ተማሪዎቻቸው የመጀመሪያውን የዳን ማዕረግ ሰጡ። ካራቴና ቴኳንዶ ይህንኑ አሠራር ተከትለዋል። በኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ከጥቁር ቀበቶ በታች ከ10ኛ ወደ 1ኛ የሚቆጠሩ ደረጃዎች አሉ። ነጩ ምንም የማያውቀውን ጀማሪ ያመለክታል። ቢጫው ተክል ሥር የሚሰድበት መሬት፣ አረንጓዴው ቡቃያው፣ ሰማያዊው ተክሉ የሚያድግበት ሰማይ ነው። ቀዩ ግን አደጋ ነው፤ ባለቀበቶው ራሱን እንዲገዛ፣ ባላጋራውም እንዲጠነቀቅ ያሳስባል።

እንግዲህ አሰልጣኙ ለአንድ ልጅ ቀበቶ ሲያስር እነዚህን ትርጉሞች አብሮ እየፈረመላቸው ነው። ጭንቀቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በፈተናው ሰልጣኙ ፓተርን ይሠራል፣ ከጓደኛው ጋር ይጋጠማል፣ ከፍ ሲል ጣውላ ይሰብራል፣ የቃል ጥያቄም ይመልሳል። የመጀመሪያው ፓተርን ቾን-ጂ 19 እንቅስቃሴ ብቻ ነው ያለው። አንድ ልጅ 12ኛው ላይ ቢደናገር ድንጋጤ ነው እላለሁ። አሥር ልጆች እዚያው ቦታ ላይ ተመሳሳይ ስህተት ከሠሩ ግን የወደቀው አስተማሪው ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ ጥግ ላይ እጁን አጣምሮ ሲታይ የተረጋጋ ቢመስልም፣ በልቡ እያንዳንዱን እርምጃ አብሮ እየቆጠረ ነው።

ከዚህ የከበደው ግን የገንዘቡ ነገር ነው። የአዳራሽ ኪራይ አለ፣ ክለቡም የሚኖረው ከወርሃዊ ክፍያና ከፈተና ክፍያ ነው። ልጁ የወደቀበት ወላጅ «ከፍለን የለ እንዴ?» ብሎ ልጁን ወደ ሌላ ክለብ ሊወስድ ይችላል። ሁሉን ማሳለፍ በአጭር ጊዜ ሁሉንም ያስደስታል፤ ደረጃውም በዚያው ልክ ይረክሳል። ዕዳውን የሚከፍለው ልጁ ነው። ሳይገባው ቀይ ቀበቶ የታጠቀ የ14 ዓመት ልጅ መንገድ ላይ ጠብ ቢገጥመው፣ ከመሸሽ ይልቅ ቀበቶውን አምኖ ሊቆም ይችላል።

በበኩሌ የምከተለው አሠራር ቀላል ነው። ዋናው ውሳኔ ከፈተናው ቀን በፊት በልምምድ ወቅት ማለቅ አለበት። ያልደረሰ ልጅ ለፈተና አይመዘገብም፤ ምክንያቱም ለወላጁ ፊት ለፊት ይነገረዋል። ከወላጅ ጋር መነጋገሩ ደስ አይልም፤ ልጁን ጓደኞቹ መካከል ከመጣል ግን ይሻላል።

ያም ሆኖ የሚወድቅ አይጠፋም። ስሙ ሳይጠራ የቀረ ልጅ አንገቱን ሲደፋ ማየት በሙያችን ከሁሉ የሚከብደው ነገር ነው። ቤት ሄዶ ይቀር ይሆን እያልን እንጨነቃለን። በአንጻሩ ያ ልጅ ሰኞ ዕለት በሰዓቱ ደርሶ አሮጌ ቀበቶውን አጥብቆ አስሮ ሲሰለፍ፣ ያለፉት ሁሉ ተደምረው የማይሰጡትን ደስታ ይሰጠናል።

ወላጆች ስለዚህ ለፈተና ስትመጡ «ያልፋል?» ከማለት በፊት «ምን ይቀረዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን በዝርዝር የሚመልስላችሁ አሰልጣኝ ካገኛችሁ ልጃችሁን አትንቀሉ። ከፈተናው በኋላም ለወደቀው ልጅ ምሳ ጋብዙት፤ እሱም ያን ቀን ተፈትኗል።