«ቡ» ማለት ሲያቅት

እስቲ ከንፈርዎን ልብ እያሉ «ቡ» ይበሉ። ከንፈርዎ ሞጥሞጥ ይላል። አሁን ደግሞ «ቢ» ይበሉ። የአፍዎ ዳርና ዳር ወደ ጆሮዎ ይሳባል። የኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ይህን ሺህ ጊዜ አድርጎታል። ካዕቡን ከሣልሱ በከንፈሩ ሲለይ ግን የሚታዘዝለት ማን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። የሚታዘዝለት የፊት ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ በአንድ በኩል ሲዝል «ቡ» ሲሉ አየር በጎን ያመልጣል፤ ቡና ሲጠጡ በከንፈር ጥግ ይንጠባጠባል፤ ሲስቁ ግማሽ ፊት ብቻ ይስቃል፤ ሲተኙ አንዱ ዓይን ሳይከደን ያድራል።

በደባርቅና በዳባት ደጋ እንዲህ ያለ ሕመም ስም አያጣም። «ብርድ መታው» የሚል አለ፤ «ምች ነው» የሚል አለ፤ «ጥላ ወጊ ነው» የሚልም አይጠፋም። ሳይታሰብ በአንድ ሌሊት የሚመጣውን የፊት መጣመም ሐኪሞች «ቤልስ ፓልሲ» ይሉታል፤ ስሙ የተወሰደው ከስኮትላንዳዊው ሐኪም ከቻርለስ ቤል (1774–1842 እ.ኤ.አ.) ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ ሕመም ቅርብ ዘመድ ላይ ነው፦ መልክን ለማሳመር ከተደረገ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለጊዜው በሚዝል ፊት። በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር የፊት ቆዳዋን አስወጥራ ለጥምቀት ወደ ደባርቅ የመጣች እህትም ሆነች፣ ከጆሮው ሥር እብጠት ያስወጣ የዳባት ገበሬ፣ የሁለቱም ነርቭ አንድ ነው። ጥንቃቄውም በአብዛኛው አንድ ነው።

የነርቩ መንገድ

የቀኝ እጅዎን አንጓ ከቀኝ ጆሮዎ ሥር አሳርፈው አምስቱን ጣቶች በጉንጭዎ ላይ ይዘርጉ፤ አውራ ጣት ወደ ላይ ይሁን። የፊት ነርቭም እንዲሁ ነው። ከራስ ቅል ውስጥ ከጆሮ ኋላ ይወጣል፣ ከጆሮ ሥር ወዳለው የምራቅ ዕጢ ይገባል፣ እዚያው ውስጥ በአምስት ቅርንጫፍ ይከፈላል። የመጀመሪያው ቅንድብ ያነሣል፤ ሁለተኛው ዓይን ይከድናል፤ ሦስተኛው ጉንጭንና የላይኛውን ከንፈር ያንቀሳቅሳል፤ አራተኛው የታችኛውን ከንፈር ዝቅ ያደርጋል፤ አምስተኛው ወደ አንገት ይወርዳል። በግራ በኩልም እንዲሁ ሌላ ነርቭ አለ።

የፊት ቆዳ ሲወጠር ሐኪሙ ቆዳውን ከሥሩ ካለው ሽፋን ለይቶ ያነሣል። ቅርንጫፎቹ ከዚያ በታች ናቸው። ወደ ቅንድብ የሚሄደው በጉንጭ አጥንት ላይ፣ ወደ ታችኛው ከንፈር የሚሄደው ደግሞ በመንጋጋ ጠርዝ ላይ ለቆዳው ቀርበው ስለሚያልፉና ቀጭን ስለሆኑ ለጉዳት የተጋለጡ ናቸው። ይሁንና በዚህ ቀዶ ሕክምና አዘውትሮ የሚጎዳው ነርቭ እንቅስቃሴን የሚያዝዘው አይደለም፤ ለጆሮ ስሜት የሚሰጠው ነው። ጉዳቱ የጆሮን ጫፍ ያደነዝዛል እንጂ ፊትን አያጣምምም። የእንቅስቃሴ ነርቭ መጎዳት ጥቂቶችን ብቻ የሚያጋጥም ሲሆን፣ ከእነሱም አብዛኞቹ ይድናሉ።

ከባድና ቀላል ጉዳት

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፊት ቢዝል፣ ምክንያቱ በአካባቢው የተወጋው ማደንዘዣ ሊሆን ይችላል፤ ኃይሉ ሲያልቅ እንቅስቃሴው ይመለሳል። ከዚያ አልፎ ከቆየ ነርቩ ተስቦ፣ በእብጠት ተጨንቆ ወይም ደም ለማቆም በሚያገለግለው መሣሪያ ሙቀት ተነክቶ ይሆናል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኸርበርት ሴደን በ1943 እ.ኤ.አ. የነርቭ ጉዳትን በሦስት ደረጃ ከፈለው። የመጀመሪያው አፈር እንደ ደፈነው የመስኖ ቦይ ነው። ቦዩ አልፈረሰም፤ መልእክቱ ብቻ ማለፍ አቅቶታል። ይህ በቀናት ወይም በሳምንታት፣ ቢዘገይ በ3 ወር ገደማ ይለቅቃል። ሁለተኛው ግንዱ ተቆርጦ ጉቶው እንደ ቀረ ባሕር ዛፍ ነው። የነርቩ ክር ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል፤ ሽፋኑ ግን ስላለ ክሩ በዚያ መንገድ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሦስተኛው ፈጽሞ የተቆረጠ ነርቭ ነው፤ ይህ በሐኪም እጅ ካልተሰፋ ብቻውን አይገጥምም።

ያቆጠቆጠ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ጉዳቱ ከጡንቻው 6 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ለጉዞው ብቻ 2 ወር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጡንቻው እስኪነቃ ሌላ ጊዜ ይጨመራል። ዘንድሮ ገብስ የዘራ የደባርቅ ገበሬ በሳምንቱ አፈሩን ቆፍሮ ዘሩን አይፈትሽም። የዛለ ፊት ያለው ሰውም ጠዋት ማታ መስታወት ፊት ቆሞ ከሚጨነቅ በ15 ቀን አንድ ጊዜ በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን ፎቶ ቢነሣ ይሻለዋል። በየቀኑ የማይታይ ለውጥ በፎቶው ላይ ይታያል።

ከሁሉ በፊት ዓይን

ከንፈር ቢጣመም ሕይወትን ያስቸግራል፤ ያልተከደነ ዓይን ግን ብርሃንን ሊያሳጣ ይችላል። ዓይንን የሚከፍተው ሌላ ነርቭ ነው፤ የሚዘጋው ግን ይኸው የፊት ነርቭ ነው። ስለዚህ ነርቩ ሲዝል ዓይን ተከፍቶ ይቀራል፣ ይደርቃል፣ ፊተኛው ግልጽ ሽፋን ይቆስላል፣ ጠባሳም ይይዛል።

አገራችን ይህን ትምህርት የተማረችው በከባድ ዋጋ ነው። የሥጋ ደዌ ተሕዋስ ዓይን የሚከድነውን የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ ያጠቃል፤ ብዙ ሕሙማን ዓይናቸውን ያጡት በዚህ መንገድ ነው። በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል ሆኖ ተቋቋመ። የዚህ ሕክምና ባለሙያዎች ለሕሙማን የሚያስተምሩት አንድ ቀላል ልማድ አለ፤ ዓይንን አስቦ መጨፈን። ጤነኛ ሰው ሳያስበው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ይጨፍናል። ነርቩ የዛለበት ሰው ግን ሆን ብሎ፣ ካልሆነም በንጹሕ ጣት እየረዳ ደጋግሞ መጨፈን አለበት።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሊማሊሞ ገደል የሚነሣው ነፋስ፣ የበጋው አቧራ፣ የደጋው ፀሐይና የማጀት ጭስ ላልተከደነ ዓይን ጠላቶች ናቸው። በዚያ ላይ የአማራ ክልል ትራኮማ በስፋት ከሚገኝባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ትራኮማ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያጠፈበት ዓይን ደግሞ ድርቀት ሲጨመርበት ፈጥኖ ይቆስላል። ስለዚህ ቀን ሐኪም ያዘዘውን ሰው ሠራሽ እንባ ይጨምሩ። ከቤት ሲወጡ ጎኑን የሚሸፍን መነጽር ያድርጉ፤ ነጠላዎን በነፋሱ በኩል ይከናነቡ። እንጨትና ኩበት ከሚነድበት ምድጃ ራቅ ብለው ይቀመጡ። ማታ የዓይን ቅባት ተቀብተው ቆቡን በሕክምና ፕላስተር ወደ ታች ይለጥፉ። በፋሻ ብቻ መሸፈን አደጋ አለው፤ ከሥሩ ዓይኑ ከተከፈተ ፋሻው ራሱ ይፍቀዋል። የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ አያስጨምሩ፤ ፊትዎንም በዋግምት አያስበጡ። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነ ይጠመቁ፤ መድኃኒትዎን ግን አያቋርጡ።

አፍና ፊደል

ምግብ በዛለው ጉንጭ ውስጥ ስለሚቀር በደህናው በኩል በትንሽ በትንሹ ያኝኩ፤ ከተመገቡ በኋላ አፍዎን ይጉመጥመጡ። በ፣ መ፣ ፈ እና ጰ በከንፈር የሚነገሩ ፊደላት ስለሆኑ ንግግር ሊያስቸግር ይችላል። ቀስ ብሎ መናገርና የዛለውን ጉንጭ በጣት ደገፍ ማድረግ ይረዳል።

እንቅስቃሴ መመለስ ሲጀምር ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ከፈቀደ ልምምዱ መስታወት ፊት ይሁን፤ ረጋ ያለና አጭር ይሁን። ፊደል ገበታው ለዚህ የተሠራ ይመስላል፦ ቡ፣ ቢ፤ ሙ፣ ሚ፤ ፉ፣ ፊ። ደህናው ጎን ፊቱን ሁሉ ወደ ራሱ እንዳይጎትት በጣት ያዝ ያድርጉት። በኃይል መታገል ግን ይጎዳል። ነርቭ ሲያድግ አንዳንድ ክር መንገድ ስቶ ወደ ሌላ ጡንቻ ይገባል፤ ያኔ ሰውዬው ሲስቅ ዓይኑ ይጨፈናል፣ ሲጨፍን ከንፈሩ ይሳባል። ፊትን አጨማዶ ቀኑን ሙሉ ማሠራት ወይም ባለሙያ ሳያዝ ኤሌክትሪክ ማስነካት ይህን ሊያባብስ ይችላል። እስኪድን ድረስ ሁለቱን ጎን ለማመጣጠን ሐኪም በደህናው በኩል ጡንቻን ለጊዜው የሚያዝለውን ቦቶክስ በጥቂቱ የሚወጋበት ጊዜ አለ፤ ኃይሉ ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል።

መቼ ነው መሮጥ?

ፊት በድንገት ተጣሞ ክንድ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓት እንኳን አይጠበቅም። ዓይን ከቀላ፣ ካመመ ወይም እይታ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ይታይ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግማሽ ፊት ሙሉ በሙሉ ቀጥ ካለ ቀዶውን ያደረገው ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይወቅ፤ የተቆረጠ ነርቭ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሰፋ ይሻላልና። ወራት አልፈው ምንም እንቅስቃሴ ካልታየ ደግሞ የነርቭና የጡንቻ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ነርቭ የቆየ ጡንቻ የመመለስ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል።

ያለ ቀዶ ሕክምና፣ «ብርድ መታው» ተብሎ የሚመጣው መጣመምም ቀጠሮ አለው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት በተለይ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ይጠቅማል። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ የስኮትላንድ ጥናት፣ በ9ኛው ወር መድኃኒቱን ከወሰዱት 94 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 82 በመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ ድነዋል። «እስቲ ይለፍለት» እየተባለ ቤት የሚከርም ሰው ያን ሦስት ቀን ያጣዋል። የደባርቅ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ጎንደርም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል አለ። ቀዶ ሕክምናውን በሌላ አገር ያደረገ ሰው ምን እንደተሠራለት የሚገልጸውን ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ ያለዚያ የአገሩ ሐኪም ከባዶ ይጀምራል።

የሚያስደብቀው ኀፍረት

በእኛ አገር ሰላምታ ጉንጭ ለጉንጭ ነው፤ ፊት የሚሸሸግበት ቦታ የለም። መልኩን ሊያሳምር ገንዘብ ከፍሎ ፊቱ የተጣመመ ሰው ደግሞ ሕመሙ ሳያንሰው «የእጅህን አገኘህ» የሚለውን ቃል ይፈራል። ስለዚህ በነጠላ ተሸፍኖ ቤት ይውላል፣ ከለቅሶና ከማኅበር ይቀራል፣ ሐኪም ዘንድም ሳይሄድ ይዘገያል። ይህ መዘግየት ብዙ ጊዜ ከነርቩ ጉዳት የበለጠ ያስከፍላል።

ሕመምተኛው አንድ አጭር መልስ ያዘጋጅ፦ «የፊቴ ነርቭ ታሟል፤ እየዳነ ነው»። ከዚያ በላይ ማብራራት ግዴታው አይደለም። ጎረቤትና ዘመድም «ምን ነካሽ?» ከማለት «ዓይንሽን ዛሬ ተቀባሽ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ያልሳቀ ፊት የተቆጣ አይምሰለው፤ ደስታው ውስጥ አለ፤ መንገዱ ነው ለጊዜው የተዘጋው። ዓይኑን ጠብቁለት፣ ሐኪም ዘንድ አድርሱት፣ ጊዜ ስጡት።