ከፕሌይስቴሽን ጨዋታዎች ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?



በትምህርት ቤታችን በየጊዜው የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ «ከገጠርና ከከተማ ኑሮ የትኛው ይሻላል?» ወይም «ከዕውቀትና ከገንዘብ የትኛው ይበልጣል?» በሚል አርእስት ላይ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማቀርብላችሁ በመድረክ ቀርቦ የማያውቀውን፥ ነገር ግን በከተማችን በቡኢ ከሌላው ክርክር ሁሉ ይልቅ በታላቅ ጩኸት የሚካሄደውን ነው። ይኸውም «ከፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታዎች ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ወላጆቻችን ይህን ሲያነቡ «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» ሳይሉ አይቀሩም። እኔ ግን በዚህ ክርክር ምክንያት የልብ ጓደኛዬን አንድ ዓመት ያህል አጥቼው ስለ ነበር ቁም ነገር አለው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያውን ለማያውቁት ጥቂት ልግለጽ። ፕሌይስቴሽን 2 የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው፥ ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ የሚሠራ የጨዋታ መሣሪያ ነው። ጨዋታው የተቀረጸው በዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ በመሣሪያው ውስጥ ሲሽከረከር አንዲት ትንሽ ሌንስ በብርሃን ጨረር እያነበበችው ሥዕሉና ድምፁ ወደ ቴሌቪዥኑ ይተላለፋል። ተጫዋቹም ጆይስቲኩን በሁለት እጁ ይዞ ቁልፎቹን በመጫን ያዛል። ዲስኩ ሲጫር ወይም ሌንሷ ስትደክም ጨዋታው መሐል ላይ ቀጥ ይላል። ሶኒ ይህን መሣሪያ መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ሲሆን፥ እስከዚያ ድረስ በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ሀብታሞቹ አገሮች ከተዉት በኋላም እንደኛ ባሉ ከተሞች በጌም ቤቶች ውስጥ ሥራውን ቀጥሏል።

ጌም ቤት ማለት አንድ ክፍል፥ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን፥ ሁለት ጆይስቲክና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነው። ሕጉም አጭር ነው፤ በጨዋታ ይከፈላል፥ የተሸነፈ ይነሣል፥ ተራ ጠባቂው ይቀመጣል። ይህን ሕግ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ ወደ እርሱ እመለሳለሁና።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንግባ። ተከራካሪዎቹ በሦስት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ወገን «ከእግር ኳስ የሚበልጥ የለም» ይላል። ይሁን እንጂ ይህ ወገን ራሱ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ፊፋን፥ ሌላው ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራውን ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከርን ይደግፋል። የፊፋ ደጋፊዎች የቡድኖቹ ስምና ማልያ እውነተኛ መሆኑን ይጠቅሳሉ። በእርግጥም ኮናሚ በብዙ ቡድኖች ስም የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው የፈጠራ ስም ያወጣላቸው ነበር። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. በወጣው ፕሮ ኢቮሉሽን 6 ውስጥ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»፥ ቼልሲ ደግሞ «ለንደን ኤፍሲ» ተብለዋል። የፕሮ ኢቮሉሽን ደጋፊዎች በበኩላቸው «ስም ኳስ አይመታም፤ የኳሱን አካሄድ ተመልከቱ» ይላሉ። በዚያው ጨዋታ የኢንተር ሚላኑ አድሪያኖ ከሩቅ ሲመታ ግብ ጠባቂው ምን እንደሚሆን ያየ ሁሉ ይመሰክራል።

ሁለተኛው ወገን እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. የወጣውን ሳን አንድሪያስን ያስቀድማል። በዚህ ጨዋታ ሰው እንደ ልቡ በከተማና በገጠር ይዘዋወራል፥ መኪናም አውሮፕላንም ይነዳል። በዚህ መሣሪያ ከተሸጡት ጨዋታዎች የሚስተካከለው የለም፤ ከ17 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ዳሩ ግን ታሪኩ ረጅምና በእንግሊዝኛ የሚነገር ስለ ሆነ በጌም ቤት እስከ መጨረሻው የሚከታተለው ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን መሣሪያና ገንዘብ የሚያስገኘውን የቁልፎች ቅደም ተከተል በደብተራችን ጀርባ ጽፈን በቃላችን እናጠናለን። የኬሚስትሪ ቀመር እንደዚያ ብናጠና ኖሮ መምህራችን እንዴት በተደሰቱ ነበር!

ሦስተኛው ወገን ቁጥሩ አነስተኛ ነው። እርሱም ብቻን የሚጫወቱትን ጨዋታዎች ያወድሳል። ከነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. የወጣው ሻዶው ኦቭ ዘ ኮሎሰስ ነው። አንድ ወጣት በፈረሱ ባዶ ምድር እያቋረጠ 16 ግዙፍ ፍጥረታትን አንድ በአንድ የሚገጥምበት ጨዋታ ነው። ዝምታው ብዙ ነው፤ የሚያዩትም ሰዎች ውብ እንደ ሆነ ይመሰክራሉ። ነገር ግን ሰዓታትን ይፈልጋል፥ የደረሱበትን ለማስቀመጥም ሜሞሪ ካርድ ያሻል። በጌም ቤት ከኋላችን አምስት ሰው ተራ እየጠበቀ ይህን ማን ይታገሣል?

በውጭ አገር ጨዋታዎችን መርምረው ነጥብ የሚሰጡ ተቺዎችም አሉ። እነርሱ ከ100 97 በመስጠት ከዚህ መሣሪያ ጨዋታዎች በላይ ያደረጓቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው ባለ አራት ጎማ ጣውላ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ቶኒ ሃውክስ ፕሮ ስኬተር 3 ነው። ሁለተኛው ከሳን አንድሪያስ በፊት የነበረው ግራንድ ቴፍት አውቶ 3 ነው። በቡኢ የመጀመሪያውን ሲጫወት ያየሁት ሰው የለም።

እንግዲህ ተቺው አንዱን፥ ገበያው ሌላውን፥ አግዳሚ ወንበሩ ደግሞ ሦስተኛውን ይመርጣል። ማንኛቸው ተሳሳቱ? እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ዴስክ እንቀመጥ ነበር። እርሱ የሊቨርፑል ደጋፊ ስለ ነበር ፊፋን፥ እኔ ፕሮ ኢቮሉሽንን እንመርጥ ነበር። አንድ ቀን በእኔ ምርጫ ፕሮ ኢቮሉሽን ስንጫወት 2 ለ 1 እየመራሁ፥ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። እርሱ «መብራት የጠፋበት አይቆጠርም» አለ። እኔ «ይቆጠራል» አልሁ። ነገሩ ከረረ። በመጨረሻ ሁሉም እየሰማ «ዝም በል! ቡድንህ ስም እንኳ የለው!» አልሁት። ሳቁበት። እርሱ ምንም ሳይመልስ ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። በሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ዴስኩ ላይ ብቻዬን ተቀመጥሁ። አባቱ ታመው ስለ ነበር ትምህርቱን አቋርጦ አዲስ አበባ፥ አጎቱ ሱቅ መግባቱን የሰማሁት ከታናሽ እኅቱ ነው። እርሱ ያን ያህል ችግር በቤቱ እያለ እኔ ስለ መርሲሳይድ ሬድ ስሟገተው እንደ ነበር ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

እንደምታውቁት ለመስቀል አዲስ አበባ ያለ ጉራጌ ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል። እርሱም መጣ። ክትፎ ከበላን በኋላ «ና ወደዚያ ቤት እንሂድ» አለኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥንና እኔ ፊፋ እንዲገባ ጠየቅሁ። እርሱ ግን «ተው፥ የጥንቱን አስገባው» አለና መርሲሳይድ ሬድን መረጠ። 3 ለ 1 አሸነፈኝ። እንደ ሕጉ ልነሣ ስል እጄን ይዞ «ቁጭ በል፤ የሁለታችንንም እኔ እከፍላለሁ» አለኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ያዘጋጀሁትን ቃል በዚያ ጩኸት መካከል ተናገርሁ። እርሱም ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «የዚያን ቀን ግን አይቆጠርም» አለና ሳቀ።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ እንደሚከተለው ነው። ቅቤ በሜትር፥ ጨርቅም በኪሎ አይለካም። ጨዋታም እንደዚሁ ከመለኪያው ጋር ካልተነገረ ክርክሩ መቋጫ የለውም። በቤቱ ብቻውን ጊዜ ላለው ሰው ባለ 16 ግዙፎቹ ይበልጥ ይሆናል፤ ነጂነትን ለሚወድ ሳን አንድሪያስ ይሻላል። ለጌም ቤት ግን፥ በአጭር ጊዜ የሚያልቅ፥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ፥ ቋንቋ የማይጠይቅ፥ ተራ ጠባቂውንም ተመልካች የሚያደርግ የእግር ኳስ ጨዋታ ይበልጣል። ከሁለቱም እኔ ዛሬም ፕሮ ኢቮሉሽን 6ን እመርጣለሁ፤ የማይስማማ ወንበሩ ላይ ይጠብቀኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የደብተር ገንዘባችንን ለጌም ቤት አናውል፤ ይህን የምለው አድርጌው ስለማውቅ ነው። ስንከራከርም አስቀድመን «መለኪያህ ምንድን ነው?» ብለን እንጠያየቅ። ወላጆቻችንም ከመቈጣታችሁ በፊት አንድ ቀን ገብታችሁ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ልጃችሁ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ታያላችሁና።