አብሮ መቀመጥ ወይስ አብሮ መሸከም?

አንድ ጥያቄ ላንሣ። ባለፈው እሑድ በአምልኮ ሰዓት ከፊታችሁ ተቀምጦ የነበረውን ሰው ስም ታውቃላችሁ? መልኩን ሳናውቀው አንቀርም። ሰፈሩን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ በዚህ ሳምንት ከሥራ መቀነሱን ወይም እናቱ ሆስፒታል መተኛታቸውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? «ሰላም ነው? ተባረክ!» ተባብለን፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠን፣ ወደየታክሲያችን እንሮጣለን።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ሦስት ሳምንት ታምሜ ስተኛ ማንም አልጠየቀኝም» የሚል ኀዘን በየአጥቢያው ይሰማል። ሰው ከጉባኤ የሚርቀው ሁልጊዜ በትምህርት ስሕተት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መቅረቱን የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ባልና ሚስትም እንዲሁ ናቸው። ለዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያመልኩ ያየናቸው ሰዎች፣ ትዳራቸው መናጋቱን የምንሰማው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ይሆናል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው ሲባል «ኅብረት እናብዛ» እንላለን። ከዚያም አንድ ስብሰባ እንጨምራለን። ወንበሮቹ እንደ ወትሮው ወደ መድረኩ ዞረዋል፤ አንድ ሰው ያስተምራል፣ ሌሎቻችን እናዳምጣለን፣ ሻይና ዳቦ ቀምሰን እንለያያለን። ቃሉን መስማት ሕይወታችን ነው፤ አይቅር። ነገር ግን አብሮ መቀመጥ ብቻውን ሰውን ከሰው አያስተሳስርም። ሰው ከሰው ጋር የሚተሳሰረው አንድን ሸክም አብሮ ሲያነሣ ነው።

ገመዱ ያስተማረው

እ.ኤ.አ. በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ወንዶች ልጆችን በበጋ ካምፕ አሰባሰበ። ልጆቹ 11 ዓመት ገደማ ነበሩ። በሁለት ቡድን ተከፍለው በገመድ ጉተታና በሌሎች ጨዋታዎች ለሽልማት ሲወዳደሩ፣ ብዙም ሳይቆይ መሰዳደብ፣ የአንዱን ቡድን ባንዲራ ሌላው ማቃጠል፣ መጣላት ጀመሩ።

ተመራማሪዎቹ ልጆቹን ለማስታረቅ በመጀመሪያ ያደረጉት እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገውን ነበር። አብረው እንዲበሉና አብረው ፊልም እንዲያዩ አደረጓቸው። አልሠራም፤ በማዕዱ ላይ ምግብ ተወራወሩ። በኋላ ግን የካምፑ ውኃ ተቋረጠና ምክንያቱን አብረው መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ምግብ ሊያመጣ የነበረው መኪና አልነሣ ሲልም፣ ቀድሞ ለውድድር በተጓተቱበት ገመድ መኪናውን በአንድነት ሳቡት። በእንዲህ ዓይነት ሥራ ጥላቻው እየረገበ ሄደ፤ በመጨረሻ ብዙዎቹ ልጆች በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረን እንመለስ አሉ።

አስተውሉ፤ ገመዱ ያው ገመድ ነው። በሁለት ወገን ቆመው ሲጎትቱት አጣላቸው፤ በአንድ ወገን ሆነው ሲጎትቱት አፋቀራቸው።

በቅጥሩ ላይ የተሰለፉት

ይህን እውነት መጽሐፍ ቅዱስ ቀድሞ አሳይቶናል። ነህምያ ምዕራፍ 3ን ስናነብ የስም ዝርዝር መስሎን በቶሎ እናልፈው ይሆናል። ነገር ግን ምዕራፉ ማን ከማን ጎን እንደሠራ እየደጋገመ ይነግረናል። ካህናት አሉ፤ ወርቅ አንጥረኞችና ሽቶ ቀማሚዎች አሉ (ቁ. 8)፤ ሰሎም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ተሰልፏል (ቁ. 12)፤ ነጋዴዎችም አልቀሩም (ቁ. 32)። ብዙዎቹ የሠሩት በየቤታቸው አንጻር ያለውን ክፍል ነው። ሽቶ ቀማሚ ድንጋይ ማንሣት ሙያው አይደለም፤ ግን አነሣ። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ (ነህ. 6፥15)። የተሠራው ግን ቅጥር ብቻ ነው? ተበታትኖ የኖረ ሕዝብም ጎን ለጎን ቆሞ አንድ ሆነ።

የራሳችን ታሪክም ምስክር ነው። በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ 5,000 ያህል አባላት ነበሯት። መሪዎቿ ታሰሩ፤ ንብረቷ ተወረሰ። ምእመናኑ በጣት የሚቆጠሩ ሆነው በየቤቱ ተሰበሰቡ። ደርግ ወድቆ በ1983 ዓ.ም. ወደ አደባባይ ስትወጣ አባላቷ 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ። የጨመረው ጌታ ነው። እርሱ የተጠቀመበት መንገድ ግን ይህ ነበር፦ በዚያ ትንሽ ቡድን ውስጥ ተመልካች አልነበረም። ቤቱን የሚከፍት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያዘምር፣ ለታሰረው ወንድም ቤተ ሰብ የሚደርስ ያስፈልግ ነበር። ሁሉም ተሸካሚ ነበር። ስደቱ ይመለስ አንልም፤ ልምዱ ግን አይጥፋብን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለቤት ለቤት ኅብረቶችና ለባለትዳሮች ቡድን የሚሆኑ አራት ነገሮችን ላካፍላችሁ።

1. አንድ መዝሙር አብሮ መማር። እ.ኤ.አ. በ2015 በብሪታንያ የታተመ አንድ ጥናት፣ ለሰባት ወራት መዝሙር፣ የእጅ ሥራ ወይም ጽሑፍ አብረው የተማሩ ጎልማሶችን አነጻጽሮ ነበር። የዘመሩት ከሌሎቹ ፈጥነው ተቀራረቡ፤ በመጨረሻ ግን ሁሉም ቡድኖች በመቀራረብ እኩል ሆኑ። እንግዲህ መዝሙር በሩን ቶሎ ይከፍታል፤ በትዕግሥትና ሳያቋርጡ አብሮ መሥራት ደግሞ ሁሉንም ያደርሳል። ቡድናችሁ አንድ አዲስ መዝሙር ይምረጥ፤ ለአራት ሳምንት ያለ ሶሎ ዘማሪ አብራችሁ ተለማመዱት። ከዚያ ከቤት መውጣት ላቃታቸው አንድ አባት ወይም እናት ሄዳችሁ ዘምሩላቸው።

2. ደቦ መውጣት። ገበሬው እርሻውን ለማድረስ ጎረቤቱን በደቦ ይጠራል፤ በወንፈልም ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ እየተባባሉ ይሠራሉ። ይህን ጥበብ ወደ ጉባኤያችን እናምጣ። ክረምት ከመግባቱ በፊት የአንዲት እናት ቤት ጣሪያ ይጠገን፣ ግድግዳው ይመረግ፣ ብርድ ልብሱ ይታጠብ። ጭቃ የሚያቦካ ይኑር፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ውኃ ያቀብሉ። የቤቱ ባለቤትም ድርሻ ይኑራቸው፤ ቡናውን ያፍሉ፣ ብርዙን ያቅርቡ፣ የጸሎቱን ርእስ ይስጡ። መቀበል ብቻ ሰውን ያሸማቅቃል፤ የሚሰጥ ሰው ግን ወንድም፣ እህት፣ እናት ይሆናል።

3. ባለትዳሮች አብረው ያብስሉ። ሦስት ባልና ሚስት ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ቤት ይገናኙ። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ማዕድ ቤት መሆናቸው ለዚያ ቀን ይቅር። ባል ሽንኩርት ይክተፍ፣ ሚስት ታማስል፤ ያልለመዱትን አንድ ምግብ አብረው ይሞክሩ። አርተር አሮን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ባልና ሚስትን በእጃቸውና በእግራቸው አያይዘው፣ በመካከላቸው ትራስ ይዘው በእጅ ሳይነኩት በተወሰነ ጊዜ ምንጣፍ ላይ እየዳሁ እንዲሻገሩ አድርገው ነበር። እነዚህ ባለትዳሮች ቀላልና አሰልቺ ሥራ ከተሰጣቸው ይልቅ ስለ ግንኙነታቸው የተሻለ ስሜት አሳዩ። አዲስ ነገር አብሮ መሞከር የደከመውን ፍቅር ያነቃቃል። ወጡ ቢያርር እንኳ ሳቁ ይተርፋችኋል!

4. ሁለት ሁለት ሆኖ መራመድ። ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት የልባቸውን ኀዘን ያወሩት በመንገድ ላይ ነው፤ ጌታም በዚያው ቀረባቸው (ሉቃ. 24፥13-15)። ፊት ለፊት ተቀምጦ «ችግርህን ንገረን» ሲባል የሚጨነቅ ሰው፣ ጎን ለጎን ሲራመድ አፉ ይፈታል። በዕጣ ተጣመሩ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጥንዱን ቀይሩ። እህቶች ከእህቶች፣ ወንድሞች ከወንድሞች ጋር ቢሆኑ መልካም ነው።

የምናስተውላቸው ነገሮች

መዋጮው ድኻውን እንዳያስቀር። «ሁለት መቶ ብር አምጡ» ስንል የሌለው ሰው «አልተመቸኝም» ብሎ ይቀራል፤ እውነተኛውን ምክንያት አይነግረንም። ቤት ያፈራው ይብቃን።

ውድድር አይብዛ። የጥያቄና መልስ ውድድር ያስቃል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አንዱ አሸናፊ፣ ሌላው ተሸናፊ ከሆነ የካምፑን ልጆች አስታውሱ።

ምስጢር በግድ አይጎተት። ሰው ጊዜው ሲደርስ ይናገራል። የተነገረውም «ለጸሎት ርእስ» በሚል ሽፋን ወደ ሌላ ጆሮ አይሂድ። አንድ ጊዜ የታማ ሰው ዳግመኛ ልቡን አይከፍትም።

ለእያንዳንዱ ሰው ሥራ ይኑረው። ዝምተኛውን «ተጫወት እንጂ!» ከማለት ማንቆርቆሪያውን መስጠት ይሻላል። እጁ ሥራ ሲይዝ አንደበቱም ይከተላል።

በአንድ ቀን አይብቃ። በዓመት አንዴ የሚደረግ ትልቅ ሽርሽር ፎቶ ያተርፋል። በየወሩ የሚደረግ ትንሽ ሥራ ግን ወዳጅ ያተርፋል።

ውድ አንባቢዎቼ፣ በነህምያ ዘመን ሁሉም አልተሰለፉም ነበር። የቴቁሐ ታላላቅ ሰዎች ትከሻቸውን ለጌታ ሥራ ዝቅ አላደረጉም (ነህ. 3፥5)። ቅጥሩ ግን ያለ እነርሱም ተሠራ። የቀረባቸው ከሕዝባቸው ጎን መቆም ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ አንዳችን የሌላችንን ሸክም እንድንሸከም ሲያዘን (ገላ. 6፥2)፣ ሸክም በሩቅ ሰላምታ እንደማይነሣ ያውቃል። ቀርቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ነው የሚነሣው።

እናንተስ በዚህ ወር ከማን ጋር ምን ታነሣላችሁ? በቤታችሁና በቡድናችሁ ተወያዩበት፦

• በኅብረታችን ውስጥ ስሙን እንጂ ቤቱን የማናውቀው ማን ነው?
• ክረምቱ ሳይመጣ በአንድ ቅዳሜ ልናግዘው የምንችለው ቤት የማን ነው?
• እኔና ባለቤቴ አብረን ሠርተነው የማናውቅ፣ ልንሞክረው የምንችል ነገር ምንድን ነው?

መልሱን ወረቀት ላይ ብቻ አታስቀሩት። ቀን ቁረጡለት፤ ጸልዩበት፤ ከዚያም እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ ውጡ። ጌታ ይርዳን። ተባረኩ!