ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ በውሻ አንጀት ውስጥ

በግ አዙሪት ሲይዘው እረኛው ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገውም። እንስሳው ከመንጋው ይነጠላል፤ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ይጥላል፤ ከዚያ ባለበት መዞር ይጀምራል። አንዳንዱ ካብ እስኪያቆመው ድረስ ዝም ብሎ ይገሰግሳል፤ የአንዳንዱ አንድ ዓይን ማየት ያቆማል። በብዛት የሚያዘው ከ6 ወር እስከ ዓመት ከመንፈቅ ዕድሜ ያለው ለጋ በግ ነው። ሰቆጣ በስሟ የሚጠራ የበግ ዝርያ ያላት የዋግ ኽምራ ከተማ ናት። ከድሃና እስከ ጋዝጊብላ ባለው የዋግ ኽምራ ደጋ በግ ጥሪት ነው፤ አንዱ መዞር ሲጀምር ቤተሰቡ የሚያጣው ቀላል አይደለም። ምክንያቱን ከሣሩ ወይም ከውሃው መፈለግ ይቀላል። መነሻው ግን ደጃፍ ላይ ተኝቶ መንጋውን ከቀበሮና ከጅብ የሚጠብቀው ውሻ ነው፤ ይበልጡን ደግሞ ለውሻው የምንወረውርለት ነገር ነው።

የሚዞረው በግ ታርዶ ጭንቅላቱ ቢፈለጥ ናላው ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። ስፋቱ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በከረጢቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች በየቦታው ተሰብስበው ይታያሉ፤ እያንዳንዷ ነጠብጣብ ለመብቀል የተዘጋጀች የአንድ ትል ራስ ናት። ውሻ ያንን ናላ ሲበላ ራሶቹ በትንሹ አንጀቱ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ፤ ርዝመታቸው ከ40 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ትሎችም ይሆናሉ። የሳይንስ ስማቸው ቴኒያ መልቲሴፕስ ነው። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላል ያዘሉ የትሉ ክፋዮች ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር እየወጡ ግጦሹ ላይ ይበተናሉ። በጉ ከሣሩ ጋር ይግጣቸዋል። ከእንቁላሉ የወጣው እጭ የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ደም ውስጥ ይገባል፤ ናላ የደረሰው ከረጢት መሥራት ይጀምራል። ከረጢቱ ሙሉ ሆኖ ናላውን እስኪጫን ከ6 እስከ 8 ወር ይወስዳል። ስለዚህ በጉ ዛሬ የሚዞረው ባለፈው ክረምት በጋጠው ሣር ነው።

ገበሬው የሚዞረውን በግ ሳይሞትበት ማረዱ አይፈረድበትም። ሥጋውን ቢበላም ይህ ትል ወደ እሱ አይተላለፍም። ጥፋቱ የሚፈጸመው ከዚያ በኋላ ነው። የታመመ ናላ የሚበላ ስለሌለ ጭንቅላቱ ወደ ውሻው ይወረወራል። ያቺ አንዲት ውርወራ ለሚቀጥለው ዓመት ጠቦቶች የተዘራች ዘር ናት።

ለሰው የሚያሰጋው የዚህ ትል ዘመድ የሆነው ሌላው ነው። ኤኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ ይባላል። ዘመዱ አንድ ሜትር ሲደርስ የእሱ ጠቅላላ ርዝመት ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት ክፋይ አይበልጥም። በአንድ ውሻ አንጀት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ውሻው ግን አይከሳም፣ አያስቀምጠውም፣ ጭራውን መቁላትም አይተውም። በዓይነ ምድሩ ላይ በዓይን የሚለይ ነገር አይገኝም። ባለቤቱ «የእኔ ውሻ ጤነኛ ነው» ቢል አይዋሽም፤ የታመመ ነገር አላየማ።

ይህ ትል ከረጢቱን የሚሠራው በግ፣ ፍየል፣ ከብትና ግመል ውስጥ ሲሆን ቦታው በዋናነት ጉበትና ሳንባ ነው። እዚህ ላይ የአመጋገብ ልማዳችን ለትሉ ይመቸዋል። ጉበቱን ዱለት እንሠራዋለን፤ ሳንባ ግን በብዙዎቻችን ገበታ ላይ ቦታ የለውም፣ የውሻ ድርሻ ነው። ውሃ የቋጠረ ጉበት ሲገኝም «ይህ አይበላም» ተብሎ ተቆርጦ ይጣላል። መጣሉ ትክክል ነው፤ የሚጣልበት ስፍራ ግን የውሻው አፍ ነው። ብዙ ሰው በሽታው የሚይዘው ከረጢት ያለበትን ጉበት ከበላ ይመስለዋል። አይደለም። ከረጢቱን የበላ ሰው ይህ ትል የሚያመጣው የሃይዳቲድ በሽታ አይዘውም፤ ሰውን የሚይዘው ከውሻ የወጣው እንቁላል ነው። እንቁላሉ በውሻው ፀጉር ላይ፣ በግቢው አፈር ላይ፣ ሳይታጠብ በተበላ ጎመን ወይም ሰላጣ ላይ፣ ውሻ በሚጠጣበት ምንጭ ዙሪያ ይገኛል። ሰውም እንደ በጉ ይሆናል፤ ከረጢቱ ከአስሩ በሰባቱ ገደማ ጉበት ላይ፣ ከአስሩ በሁለቱ ሳንባ ላይ ያድጋል። እድገቱ አዝጋሚ ስለሆነ ሰውየው ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ሆዱ ሲነፋ ወይም ሲያስለው ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ያኔ በአልትራሳውንድ ይታያል። ሕክምናው እንደ ከረጢቱ ዓይነት ቀዶ ጥገና፣ በመርፌ መቅዳት ወይም ወራት የሚዘልቅ የአልበንዳዞል መድኃኒት ነው። ከረጢቱ ሰውነት ውስጥ ከፈነዳ በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወትን የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየትኛውም ጊዜ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በኤኪኖኮከስ ትሎች የሚመጣ በሽታ እንዳለባቸው ይገልጻል። በዓለም ላይ ክፉኛ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ከእኛ ደቡብ ኦሞ ጋር የሚዋሰነው የኬንያው ቱርካና ነው።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያችን እንምጣ፤ የእኛ ነገር ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነውና። በኦርቶዶክሱ ቤት ዕርድ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። 55 ቀን ይጾማል፤ ከዚያ በአንድ ሌሊት ከተማው ሁሉ ያርዳል። ከሰቆጣ ቄራ ውጪ፣ በየግቢው፣ በባለቤቱ ቢላዋ። ሥጋ መርማሪ የለም፤ ሳንባውን ገልብጦ የሚያይ የለም። ሁለት ወር ሙሉ ሽሮ የተቀባ የእንጀራ ፍርፋሪ ሲበላ የከረመው ውሻም የዚያን ዕለት በዓሉን ያከብራል። ትሉ በውሻ አንጀት ውስጥ እንቁላል ለመጣል የሚፈጅበት ጊዜ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ነው። ጰራቅሊጦስ ከፋሲካ በ50ኛው ቀን ይውላል። ስለዚህ ሰው የሐዋርያትን ጾም ሊጀምር ሲል የውሻው አንጀት ሥራውን ይጀምራል ማለት ነው፤ ወሩም ግንቦት ወይም ሰኔ ነው። ዋግ ኽምራ ዝናብ የሚቆጥብበት አገር ቢሆንም ያለውን የሚያገኘው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እነዚህ እንቁላሎች የሚፈሩት ድርቀትንና ሙቀትን ነው፤ በእርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ግን ለወራት ይቆያሉ። አብዛኛው የተለመደ የቤት ማጽጃ አይገድላቸውም። የዋግ ፀሐይ በበጋ ብዙውን ታቃጥልልናለች ብዬ እገምታለሁ፤ ክረምት ሲገባ ግን ግጦሹም፣ ጓሮውም፣ የምንጩ ዳርም ለእነሱ ይመቻል። ለውሻው የሚወረወረው የበግ ከረጢት ደግሞ ከከብት ከረጢት ይልቅ ለትሉ ፍሬያማ ነው፤ ዕድሜው በገፋ በግ ውስጥ ያለው ደግሞ የበለጠ የዳበረ ነው።

የከተማ ውሻ ከገጠሩ ይለያል ብሎ የሚያስብ አለ። ሰቆጣ ላይ ልዩነቱ ቀጭን ነው። ውሻው ቀን ግቢ ውስጥ ታስሮ ይውልና ማታ ይፈታል፤ ሌሊቱን ከሉካንዳ ደጅ እስከ ቆሻሻ መጣያ ሲዞር ያድራል። ጠዋት ተመልሶ ልጆች በሚጫወቱበት አፈር ላይ ይጸዳዳል። ውሻ ቤት ውስጥ አይተኛም፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይገባም፣ ዕቃ አይልስም የሚለው ልማዳችን ጥሩ አጥር ነው፤ ግን እንቁላሉን አያቆመውም። ዝንብም፣ የዝናብ ጎርፍም፣ የጫማ ሶልም ያሻግሩታል።

ልጆችን በተመለከተ ሌላ ትል አለ፤ የውሻ ወስፋት፣ ቶክሶካራ ካኒስ። ይሄኛው ዕርድ አያስፈልገውም። እጩ በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ስታረግዝ ወደ ሽሉ ይሻገራል፤ ስለዚህ ቡችላው ሲወለድ ይዞት ይወለዳል፣ ከጡቷ ወተትም ይጨመርለታል። በሦስት ሳምንት ዕድሜው እንቁላል መበተን ይጀምራል። ሆዱ የተነፋ ቡችላ ሲያዩ «ጠግቧል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሞላው ትል ነው። አንዲት ሴት ትል በቀን እስከ 200 ሺህ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ወዲያው አይጎዳም፤ አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው የሚበስለው። ስለዚህ ቡችላውን ከማቀፍ ይልቅ የሚያሰጋው ቡችላው የተጸዳዳበት አፈር ነው፤ አፈር በአፉ የሚያደርግ ሕፃን ደግሞ የመጀመሪያው ተጠቂ ነው። በልጁ ሰውነት ውስጥ እጩ ትል አይሆንም፤ መንገዱ ጠፍቶት በጉበት፣ በሳንባ፣ አንዳንዴም በዓይን ውስጥ ይንከራተታል። ዓይን ውስጥ ከገባ ማየትን ሊያሳጣ ይችላል። የሰቆጣ ስም ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ከተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ጋር ተያይዞ በመላ አገሪቱ ይነሳል። ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ እጅ መታጠብ ብዙ ተብሏል፤ ሕፃኑ የሚድህበት ግቢ ውስጥ ስላለው የእንስሳ ዓይነ ምድር ግን ገና በቂ አልተወራም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የተማሪዎች የትል መድኃኒት ዘመቻም የታለመው በሰው ትሎች ላይ ነው፤ ውሻው ከዘመቻው ውጪ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ። ውሻ ቂጡን መሬት ላይ እየጎተተ ሲሄድ፣ ጭራው ሥር የደረቀ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ተጣብቆ ሲታይ፣ ያ ከቁንጫ የሚመጣው ዲፒሊዲየም የተባለው ትል ነው፤ ቁንጫውን ሳያጠፉ ትሉን ብቻ ማከም ልፋት ነው። ደም መጣጩ ሁክወርም ሙቀትና እርጥበት ስለሚወድ ከደጋው ይልቅ ወደ ተከዜ ሲወርዱ፣ በዝቋላና በአበርገሌ በኩል፣ ይመቸዋል ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ድዱ የነጣና ዓይነ ምድሩ የጠቆረ ቡችላ ካለ ጊዜ አይሰጥም። ሰዎች ኮሶ የሚሉት የራሳቸው ትል ደግሞ የውሻ ዕዳ አይደለም፤ እሱ የሚመጣው ከጥሬ የከብት ሥጋ ነው። ውሻን በማያገባው መክሰስ አይገባም።

መፍትሔው አዲስ አይደለም፤ አይስላንድ ከ150 ዓመት በፊት አግኝታዋለች። በ19ኛው መቶ ዘመን ያቺ ደሴት በበግ የምትኖር፣ በሃይዳቲድ በሽታ የምትማቅቅ ድሃ አገር ነበረች። ሃራልድ ክራቤ የተባለ ዴንማርካዊ ተመራማሪ በ1863 እ.ኤ.አ. ሄዶ 100 ውሾችን ሲመረምር 28ቱ ውስጥ ትሉን አገኘ። በማግስቱ ዓመት ትንሽ መጽሐፍ ታትሞ በየቤቱ ታደለ፤ መልእክቱም የታረደን እንስሳ ከረጢት ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፣ ውሻ አያግኘው የሚል ነበር። ቆይቶ ሕግ ተጨመረበት፤ ዋና ከተማዋ ሬይኪያቪክ በ1924 እ.ኤ.አ. ውሻ ማሳደግን እስከመከልከል ደርሳ ነበር። በሽታው ከደሴቲቱ ጠፋ። ዘመናዊ መድኃኒት ከመምጣቱ በፊት ይህን ያህል የሠራው በዋናነት ዕውቀትና ጉድጓድ መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በየከተማችን ውሻን በመርዝ መጨረስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሞተው ውሻ ቦታ በወራት ውስጥ በሌላ ይተካል፣ ሳንባ መወርወሩ እስካልቆመ አዲሱም ያንኑ ትል ያበቅላል።

መድኃኒቱን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለበግ የተገዛውን አልበንዳዞል ለውሻ መስጠት አይበጅም፤ አንዴ ተሰጥቶ እነዚህን ጠፍጣፋ ትሎች በአስተማማኝ አያጸዳም፣ መጠኑ ሲበዛ ወይም ሲደጋገም ደግሞ የውሻውን መቅኔ ሊጎዳ ይችላል። ለጠፍጣፋ ትሎች ፍቱኑ ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑም በውሻው ክብደት የሚለካ ነው። ለቡችላ ወስፋት የሚሆነው ሌላ ነው፤ ከሁለት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ስምንተኛው ሳምንት፣ ከእናቱ ጋር አብሮ ይሰጣል። ፕራዚኳንቴል ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል፣ መድኃኒት የወሰደ ውሻ ለሁለት ቀን ታስሮ ዓይነ ምድሩ መቃጠል ወይም በጥልቀት መቀበር አለበት። የሚመከረው በየስድስት ሳምንቱ መስጠት ነው፤ ለብዙ ቤተሰብ ይህ ይከብዳል። አቅም ካነሰ ቢያንስ ከፋሲካ፣ ከመስቀልና ከገና በኋላ፣ እያንዳንዱ በዓል ባለፈ በአንድ ወር ውስጥ ይሰጥ፤ ትሉ እንቁላል መጣል ከመጀመሩ በፊት ይደረስበታል።

ስለዚህ በሚቀጥለው በዓል በጉን ከመግዛትዎ ጋር አብረው ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ ውሻ ጭሮ በማያወጣው ጥልቀት። ሳንባውን፣ ውሃ የቋጠረውን ጉበትና የአዙሪት በግ ጭንቅላት እዚያ ይቅበሩ። «ውሻዬም በዓሉን ይቅመስ» ካሉ ሳንባውን ከግማሽ ሰዓት በላይ ውሃ ውስጥ ይቀቅሉለት። ወደ ወረዳዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲሄዱም «የትል መድኃኒት» ብቻ አይበሉ፤ የውሻዎን ክብደት ተናግረው ፕራዚኳንቴልን በስሙ ይጠይቁ።