ከመጠለያ የተወሰደ ውሻ ለቤታችን ምን ያመጣል?



የእንስሳት ሕክምና ባስተማርሁባቸው ዓመታት ደጋግሞ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዘሩ የታወቀ ቡችላ ገዝቶ ማሳደግ እየተቻለ፣ ከመንገድ የተነሣ ውሻ ከመጠለያ መውሰድ ጥቅሙ ምንድን ነው?» መልሴ ከሙያዬም ከሕይወቴም የተቀዳ ስለሆነ በሕይወቴ እጀምራለሁ።

ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ውስጥ ግቢው ሰፊ በሆነ ቤት እንኖር ነበር። ቡቺ የሚባል ውሻ ነበረን፤ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ወደ ኮንዶሚኒየም ስንዛወር ግን ለእርሱ ቦታ አልነበረንም። «ጎረቤት ያበላዋል» ተባብለን ትተነው ሄድን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሰፈሩ ብመለስ በተዘጋው በር ፊት ተኝቶ አገኘሁት። የያዝሁትን ዳቦ ሰጥቼው ብቻዬን ተመለስሁ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ በር ይታወሰኛል። እርሱ ታማኝነቱን ጠብቆ ነበር፤ ያጎደልነው እኛ ነን።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ከአንድ መጠለያ ዕድገቷን የጨረሰች ውሻ ወሰድሁ። አንገቷ ላይ ሽቦ የቆረጠው ጠባሳ አለ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከጠረጴዛ ሥር አልወጣችም፤ ምግቧንም የምትበላው እኔ ከክፍሉ ከወጣሁ በኋላ ነበር። በሦስተኛው ወር አንድ ማታ ወረቀት ሳርም መጥታ እግሬ ሥር ተኛች፤ ቀና ብላም ዓይኔን አየችኝ።

እ.ኤ.አ. በ2015 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ውሻና ባለቤቱ ረዘም ላለ ጊዜ ሲተያዩ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በሁለቱም ዘንድ ይጨምራል። ይህ ሆርሞን እናትንና ሕፃንን በማስተሳሰርም ይታወቃል። በሰው እጅ ባደጉ ተኩላዎች ላይ ግን ተመሳሳይ ውጤት አልተገኘም። ይሁን እንጂ የፈራን ውሻ ትኩር ብሎ ማየት ማስፈራራት ነው። ስለዚህ አስቀድማ ማየት ያለባት ውሻዪቱ ናት፤ የእኛ ድርሻ መጠበቅ ነው። ከመጠለያ ውሻ የሚገኘው ትልቁ ዋጋ ይህ ይመስለኛል፤ አንድ ጊዜ በሰው የተከዳ ፍጡር ፈቅዶ እንደገና ሲያምነን ማየት።

ሌላም ጥቅም አለ። ቡችላ ወደፊት ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚኖረው አስቀድሞ ማወቅ ያስቸግራል። ያደገ ውሻ ግን ቁመናውም ጠባዩም በአብዛኛው የሚታይ ነው፤ ልጆችን ይታገሥ እንደሆነ፣ ከሌሎች እንስሳት ጋር ይስማማ እንደሆነ ሲንከባከቡት የቆዩት የመጠለያው ሠራተኞች ሊነግሩን ይችላሉ። አንድ ውሻ ወደ ቤት ሲገባም በመጠለያው ለሌላ ተረኛ ቦታ ይለቀቃል።

ትሩፋቱ ከግቢያችን አጥር ውጭም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ከውሻ የሚመጡ ናቸው። ስርጭቱን ለመግታት ከአካባቢው ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ ይኖርባቸዋል። ውሾችን መግደል መፍትሔ አይሆንም፤ በተገደሉት ምትክ ያልተከተቡ ሌሎች ይመጣሉና። ተከትቦ፣ እንዳይራባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ባለቤት ያገኘ ውሻ ግን ለጎረቤት ልጆችም ጥበቃ ነው።

ነገር ግን ውሻ መውሰድ ለሁሉም ሰው፣ በማንኛውም ጊዜ የሚመከር አይደለም። ውሻ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል፤ ምግብ፣ ሕክምና፣ ክትባትና ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመውሰዳችሁ በፊት «ቤት ብቀይር ይዤው እሄዳለሁን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ፣ መጠለያውን በጉልበታችሁና በሙያችሁ መርዳት ይሻላል። እኛም ያን ጊዜ ይህን ጥያቄ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ለቡቺ የሚሆን ሰው እንፈልግለት ነበር።

ዛሬ ቤቴ ያለችው ውሻ ለቡቺ ካሣ ልትሆን አትችልም። ባለፈው ዓመት ቤት ስቀይር ግን ከዕቃው አስቀድማ መኪናው ውስጥ የገባችው እርሷ ነበረች።